ከሕፃን ጋር ለእረፍት ሲወጡ፤ ሻንጣው ይቅለል፣ አጎበሩ አይረሳ

ሕፃን ልጅ ያለው ቤተሰብ ለሁለት ሌሊት ከከተማ ሲወጣ መኪናው ላይ የሚጫነውን ዕቃ ያየ ሰው ቤት የሚቀይሩ ሊመስለው ይችላል። ወላጅ «ምናልባት ቢያስፈልግ» እያለ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። የሚያሳስበው ግን የዕቃው መብዛት ብቻ አይደለም። ሻንጣው ሞልቶ የሕፃኑን ጤና የሚጠብቁት ጥቂት ነገሮች ቤት መቅረታቸው ነው።

በቅርቡ አንዲት የሰባት ወር ሕፃን እናት ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ሄደው ድንኳን ተክለው ለማደር ማሰባቸውን ነግራኝ የያዘችውን ዝርዝር አሳየችኝ። ጋሪ፣ ተጣጣፊ አልጋ፣ የመታጠቢያ ሳፋ፣ አሥራ አራት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ከረጢት መጫወቻ ተጽፏል። አጎበር፣ የሙቀት መለኪያና ኦ አር ኤስ ግን አልነበሩም። ዝርዝሩን አብረን ስናስተካክለው ዕቃው በግማሽ ቀነሰ፤ የተጨመሩት ነገሮች ደግሞ አንድ ትንሽ ቦርሳ አልሞሉም። ዛሬ ለውድ አንባብያን የማቀርበው ምክር በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመነሳት በፊት

ዕድሜው ሁለት ወር ያልሞላ ሕፃን ድንኳን ውስጥ ለማደር ባይወጣ ይመረጣል። በዚህ ዕድሜ ሰውነቱ ሙቀትና ቅዝቃዜን በሚገባ መቆጣጠር አይችልም፤ ትኩሳትም ሆነ ጡት አለመጥባት አፋጣኝ ሕክምና የሚሻ ምልክት ነው። ከፍ ያሉ ሕፃናትም ቢሆኑ ያመለጣቸው ክትባት ካለ አስቀድመው ይከተቡ። የክትባት ካርዱም ከቤተሰቡ ጋር ይጓዝ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመንገዱ ላይ ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሳይሆን በኋላ ወንበር በሕፃናት መቀመጫ ታስሮ ሊጓዝ ይገባል። ከሻንጣ የሚቀነስ ዕቃ ብዙ ቢኖርም ይህ መቀመጫ ከሚቀነሱት ውስጥ አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ቆም ብሎ ሕፃኑን ማውጣት፣ ማጥባትና ሽንት ጨርቁን መቀየር ጥሩ ነው። ለአፍታ እንኳ ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ሕፃንን ብቻውን መተው ፈጽሞ አይገባም።

ምግቡ ቀላል ነው

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የሚጫን ምግብ የለም፤ የእናት ጡት ይበቃዋል። በሙቀት ጊዜም ውኃ መስጠት አያስፈልግም። አብዛኛው የእናት ጡት ወተት ውኃ በመሆኑ መፍትሔው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ውኃ በብዛት መጠጣት ያለባት እናቲቱ ናት።

የዱቄት ወተት የሚጠቀሙ ወላጆች ለእያንዳንዱ ጊዜ የሚበቃውን ዱቄት ለየብቻ መጥነው፣ የፈላ ውኃ በፔርሙስ ይያዙ። ወተቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይበጥበጥ፤ ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈውም ይደፋ። በሙቀት ውስጥ የቆየ ወተት የተቅማጥ ምንጭ ነው። ጡጦም ሆነ ኩባያ በሐይቅ ውኃ መታጠብ የለበትም።

ከስድስት ወር በላይ ለሆነው የገንፎ ዱቄት፣ ሙዝ፣ አቮካዶና በሚበላበት ጊዜ የሚቀቀል እንቁላል ይበቃሉ። ሙዝና አቮካዶ በልጣጫቸው ስለሚጓዙ በቀላሉ አይበከሉም። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥ።

ልብስና መኝታ

ለሁለት ሌሊት አምስት ወይም ስድስት ቀላል የጥጥ ቅያሪ፣ አንድ ሹራብ፣ ካልሲና ሰፊ ጥላ ያለው ኮፍያ በቂ ነው። ዳይፐር በቀን ስምንት ያህል ተሰልቶ ጥቂት መጠባበቂያ ይጨመርበት። ያገለገለውን የሚይዝ ፌስታልም አይዘንጋ።

ቤታችን ያሉ ዕቃዎች ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ነጠላ በጡት ማጥቢያ ጊዜ መከለያ፣ በመኝታ ጊዜ አንሶላ ይሆናል። ጋቢ ሲታጠፍ ምንጣፍ ነው። ጋሪ በአሸዋ ላይ ስለማይሄድ አንቀልባ ወይም ማዘያ ይሻላል፤ ሕፃኑ ሲታዘል ግን አፍና አፍንጫው እንዳይሸፈን ይታይ። ማታ በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። በወፍራም ብርድ ልብስ መደራረብም አያስፈልግም፤ አዋቂ ከለበሰው አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሕፃኑ ጥላ ሥር ይዋል። ስድስት ወር ላልሞላው የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይመከርም፤ ጥላ፣ ኮፍያና ስስ ልብስ ይበቁታል። ጥላ ማለት ግን በቀን ፀሐይ ላይ የተተከለ ድንኳን ውስጥ ማለት አይደለም፤ ድንኳን በፍጥነት ይሞቃል። በውኃው ዳርቻ ደግሞ ሕፃኑ ከአንድ አዋቂ እጅ አይራቅ። ሕፃን በጥልቅ ውኃ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውኃም ይሰጥማል፤ ለዚህም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ትንኝ፣ ዋናው ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ላንጋኖ ግን 1 ሺህ 580 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው ወባ የሚተላለፍባቸው ናቸው። ሥርጭቱ በተለይ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። በደጋ የተወለደ ሕፃን ለወባ የተለማመደ ሰውነት ስለሌለው በሽታው ሲይዘው በፍጥነት ሊጠናበት ይችላል።

ስለዚህ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ከሁሉ በፊት ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ሲታጠፍ ከአንድ ፎጣ የበለጠ ቦታ አይዝም። ድንኳኑ የወንፊት መስኮት ቢኖረውም በምሽት በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ትንኝ ይገባል፤ ሕፃኑ የሚተኛበት ላይ አጎበሩ ይሰቀል፣ ጠርዙም ከምንጣፉ ሥር ይታጠፍ። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የሚናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ፣ ካልሲም ያድርግ። ትንኝ የሚያባርር ቅባት ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይቀባም፤ ለሌሎችም ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አንብበው በእጁ፣ በዓይኑና በአፉ አካባቢ ሳይነካ በጥቂቱ ይቀቡ። ለወባ መከላከያ የሚሆን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ሳይማከሩ ለሕፃን ገዝቶ መስጠት አይገባም።

የመድኃኒት ቦርሳ

በአንዲት ትንሽ ቦርሳ የሚያዙት የሙቀት መለኪያ፣ ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ፣ የዚንክ እንክብልና የፓራሲታሞል ሽሮፕ ናቸው። የፓራሲታሞሉ መጠን በሕፃኑ ክብደት የሚወሰን ስለሆነ ከመነሳት በፊት በጤና ባለሙያ ተሰልቶ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ሁለት ወር ላልሞላ ሕፃን ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይሰጥም። ካለፈ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ በዚህ ቦርሳ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሕፃኑ ተቅማጥ ከያዘው ኦ አር ኤሱ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡ፤ ጡትም አይቋረጥ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ዚንክ በቀን አንድ ጊዜ ቢያንስ ለ10 ቀናት ይሰጣል፤ ስድስት ወር ላልሞላው 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም ነው።

ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና ሌሊት ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም። ለላንጋኖ ቅርብ በሆኑት በባቱም (ዝዋይ) ሆነ በአርሲ ነጌሌ ከተሞች ሆስፒታል አለ። መንገዱን በቀን ማወቅ፣ ለመኪናው በቂ ነዳጅ ማስቀረትና ስልክን ሞልቶ ማደር የዝግጅቱ አካል ነው።

ከሰል ከድንኳን ውጭ

ማታ ሲቀዘቅዝ ከሰል ያለበትን ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ለሕይወት አደገኛ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ የተኛ ቤተሰብን ሳያስነቃ ሊገድል ይችላል። ምድጃው ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ደጅ ይሁን፣ ከመኝታ በፊትም ይጥፋ። ለሙቀት ልብስ ይደረብ።

ከተመለሱም በኋላ

ወባ ትንኝ በነከሰች ማግስት አይታይም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሰባት ቀን በኋላ ሲሆን፣ በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በዚያ ጊዜ ድንኳኑ ታጥፎ፣ ጉዞው ተረስቶ ይሆናል። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወላጅ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ወይም «ጉንፋን ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለ ሐኪምም ቤተሰቡ ከከተማ መውጣቱን ካላወቀ ወባን ላያስብ ይችላል።

ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ሕፃኑ ትኩሳት ካሳየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ገና ሳይጠየቁም «ላንጋኖ አድረን ነበር፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት» ይበሉ።