ድንጋይ የሚያኝክ መኪና

በአስፋልት መንገድ ስትሄዱ ወይም የአዲስ ፎቅ ደረጃ ስትወጡ፥ ከእግራችሁ በታች ያለው ምን እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ስለ ኮንክሪት ሲወራ የሚመሰገነው ሁልጊዜ ስሚንቶ ነው። ነገር ግን ከኮንክሪት ይዘት ከመቶው ከ60 እስከ 75 የሚሆነው አሸዋና ጠጠር ነው፤ ስሚንቶው እነዚህን አጣብቆ የሚይዝ ነው። እንግዲህ ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

ቀድሞ የሚመጣው ከሰው ክንድ ነበር። ጆን ማክአዳም (1756-1836) የተባለው የስኮትላንድ ሰው፥ መንገድ በደቃቅ ስባሪ ድንጋይ ቢለብስ ማዕዘኖቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው እንደሚጠነክር አስተማረ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ድካሙ ግን የሌላ ሰው ነበር። ሠራተኞች በመንገድ ዳር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፤ እስከ ማታ የሚጠራቀመውም ጥቂት ቁልል ብቻ ነበር።

በ1850ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ አገር በኒው ሄቨን ከተማ፥ ኤሊ ዊትኒ ብሌክ መንገድ ከሚያሠሩት የኮሚቴ አባላት አንዱ ነበር። የጥጥ መዳመጫ መኪና የፈለሰፈው የኤሊ ዊትኒ የእህት ልጅ ነው። የመዶሻውን ድካም አይቶ ለዓመታት ሲያስብ ቆየና በ1858 ለድንጋይ መፍጫው የፈጠራ መብት አገኘ።

የመኪናው አሠራር ከአፋችን አሠራር ብዙ አይርቅም። ሁለት ወፍራም የብረት መንጋጋዎች አሉት፤ አንዱ አይነቃነቅም፥ ሌላው ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ድንጋዩ የሚጣልበት መካከላቸው ከላይ ሰፊ፥ ከታች ጠባብ ነው። መንጋጋው ሲገጥም ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ሲከፈት ስባሪው ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሲገጥም ደግሞ ይሰበራል። እንዲህ እየታኘከ በታችኛው ክፍተት እስኪያልፍ ድረስ ይወርዳል። ክፍተቱን በማጥበብና በማስፋት የጠጠሩ መጠን ይወሰናል። መንጋጋውን የሚያለብሰው ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት ብረት ነው፤ ይህን እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ በ1882 ያገኘው ሲሆን፥ በተመታ ቁጥር ገጹ እየጠነከረ ይሄዳል።

ከመንጋጋው የወጣው ድንጋይ በሁለተኛ መፍጫ ደቅቆ፥ በሚርገበገቡ ወንፊቶች እየተነፋ በየመጠኑ ይለያል። ሠራተኞቻችን «ዜሮ ዜሮ»፥ «ዜሮ አንድ»፥ «ዜሮ ሁለት» እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ጠፍጣፋና ቀጭን ስባሪ የበዛበት ጠጠር ግን በቀላሉ ይሰበራል፤ አቧራ የለበሰውንም ስሚንቶ አጥብቆ አይዘውም።

አቧራው የሚጎዳው ግን ግድግዳን ብቻ አይደለም። መኪናው የመዶሻውን ድካም አስቀረ፤ አቧራውን ግን አበዛው። በተለይ ኳርትዝ ካለበት ድንጋይ የሚነሣው ረቂቅ ትቢያ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን በሽታ ያመጣል፤ ይህም በሽታ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ግን የታወቀ ነው፤ ድንጋዩን በውኃ ማርጠብ፥ መፍጫውን መሸፈን፥ ለሠራተኛው ተገቢውን የአፍና የአፍንጫ መከለያ መስጠት ነው።

ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ የሆናችሁ፥ ነገ የመንገድ ወይም የትምህርት ቤት ሥራ ተቆጣጣሪ ትሆኑ ይሆናል። ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ እፍኝ አንሡና ቅርጹንና ንጽሕናውን ተመልከቱ። ወደ ካባው ስትሄዱም ቁልሉን ብቻ አትቍጠሩ፤ ውኃው ይረጭ እንደ ሆነ፥ የሠራተኛው አፍ ተሸፍኖ እንደ ሆነ ጠይቁ። መንገዱ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ የምንመኝ ከሆነ፥ ድንጋዩን የፈጨው ሰውም አብሮት እንዲቆይ ይገባል።