ሎንግቦርድ ከአርባ ዓመት በኋላ

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ፐርሰልቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት በዚህች ከተማ ወዳለ የጓደኛው አባት ፋብሪካ ጎራ አለ። ፋብሪካው ፖሊዩሪቴን ከተባለ ለስላሳ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ የሮለር ስኬት ጎማ ያመርታል። ወጣቱ ጎማዎቹን ወስዶ ስኬትቦርዱ ላይ ገጠማቸውና አስፋልት ላይ ሞከራቸው። ልዩነቱ ወዲያው ታወቀው። ጥቂት ቆይቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረና “ካዲላክ ዊልስ” በሚል ስም ይሸጣቸው ጀመር። ዛሬ የሃምሳ ዓመት ሰው ሰሌዳ ላይ ቆሞ በሰላም መንሸራተት ከቻለ ትልቁ ባለውለታው ይህ ጎማ ነው።

ስኬትቦርድ ራሱ ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ይቀድማል። በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያና በሃዋይ የባሕር ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን የሮለር ስኬት ጎማ ጣውላ ላይ እየቸነከሩ በመንገድ ላይ ይጫወቱ ነበር። ጎማው መጀመሪያ ብረት፣ ቀጥሎም ከሸክላ ድብልቅ የተሠራ ነበር። ሁለቱም አስፋልት አይዙም፤ ጠጠር ሲያጋጥማቸውም ባሉበት ቀጥ ይላሉ፤ ጣውላው ቆሞ ሰውየው ወደፊት ይወረወራል። አደጋው በመብዛቱ በ1960ዎቹ አጋማሽ በርካታ የአሜሪካ ከተሞች ስኬትቦርድን ከመንገዳቸው ከለከሉ፤ ገበያውም ወደቀ። በልጅነቱ ጣውላ ላይ ኩሽኔታ ገጥሞ የሰፈሩን ቁልቁለት የወረደ ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ይህን ታሪክ በራሱ አጥንት ያውቀዋል። ብረት በአስፋልት ላይ ሲንከባለል ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ማቆሚያውም የጫማ ተረከዝ ብቻ ነው።

ሎንግቦርድ የዚያው የስኬትቦርድ ረጅሙ ወንድም ነው። ተራው ስኬትቦርድ አጭር፣ ቀላል፣ ለመዝለልና ለመገልበጥ የተሠራ ነው። ሎንግቦርድ ግን የተሠራው ለመሄድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ተራርቀው ስለሚተከሉ ቶሎ አይወላገድም። ለዚህም ነው በአርባና በሃምሳ ዓመቱ አንድ አዲስ ነገር ልማር ለሚል ሰው ከስኬትቦርድ ይልቅ ሎንግቦርድ የሚመከረው። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ጎልማሳ ጀማሪ ከመሄድ በፊት መቆምን መማር አለበት። ከዚህ በታች የምናነሣው ሁሉ፣ ከሰሌዳው ምርጫ አንሥቶ እስከ ቦታው ድረስ፣ ወደዚህ ቁም ነገር ይመለሳል።

ጎማውን እንመልከት። የተራ ስኬትቦርድ ጎማ ከ50 እስከ 56 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ሲኖረው፣ የሎንግቦርድ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጥንካሬው ሾር በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ለመንሸራተቻ የተሠሩት ለስላሳ ጎማዎች 78 አካባቢ፣ የስኬትቦርዶቹ ደረቅ ጎማዎች ደግሞ 99 አካባቢ ናቸው። ትልቅ ጎማ የአስፋልት ስንጥቅና ጠጠር አይበግረውም፤ ለስላሳነቱ ደግሞ ትንሿን ጠጠር ወደ ውስጥ ዋጥ አድርጎ እንዲያልፍ ያስችለዋል። ንዝረቱም ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ሳይደርስ ጎማው ውስጥ ይቀራል። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። ልካቸው 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ 22 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር፣ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲሆን በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ቢበላሽ በቀላሉ ይተካል። የኩሽኔታ ጠላት ውኃ ነው፤ ዝናብ ላይ የተነዳ ሰሌዳ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ይዝጋል።

ጎማዎቹን ከጣውላው ጋር የሚያገናኘው የብረት ክፍል ትራክ ይባላል። የመሣሪያው ዋና ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ትራኩን ኪንግፒን የሚባል ወፍራም ብሎን ያያይዘዋል፤ በብሎኑ ላይ ሁለት ጎሚኒዎች ተሰክተዋል፤ ከላይ ሮንዴላና ዳዶ ይይዛቸዋል። ሰውነትዎን ወደ ቀኝ ሲያጋድሉ ጣውላው አብሮ ያጋድላል፤ ጎሚኒዎቹ በአንድ ጎናቸው ይጨመቃሉ፤ የፊት ጎማዎች ወደ ቀኝ፣ የኋላዎቹ ወደ ግራ ዞር ይላሉ፤ ሰሌዳውም በቅስት ይታጠፋል። ቀና ሲሉ ጎሚኒዎቹ ተለጥጠው ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሱታል። መሪ የለም፤ መሪው የሰውየው ክብደት ነው። ስለዚህ ጎሚኒው ከነጂው ኪሎ ጋር መመጣጠን አለበት። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት የተመቻት ለስላሳ ጎሚኒ 95 ኪሎ የሆነውን ሰው ያወዛውዘዋል። ብዙ ሰው ሰሌዳውን እንደገዛ፣ ፋብሪካው በሰጠው ጎሚኒ እየታገለ “ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም” ብሎ ይተዋል፤ መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ጎሚኒ መለወጥ ወይም ዳዶውን በመፍቻ ግማሽ ዙር ማጥበቅ ብቻ ነው።

ጣውላው ከሜፕል እንጨት ወይም ከቀርከሃ በስስ በስሱ ተነባብሮ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ነው። ላዩ እግር እንዳያንሸራትት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ለጎልማሳ ጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫ የጣውላው ከፍታ ነው። “ድሮፕ ስሩ” የሚባለው ዓይነት ጣውላ ትራኩ ከሥሩ ሳይሆን በመካከሉ አልፎ ስለሚታሰር ወደ መሬት ዝቅ ይላል። በአንድ እግር ቆመው በሌላው መሬቱን ሲገፉ፣ የቆመው ጉልበት በእያንዳንዱ ግፊት ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ሰሌዳው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ በግማሽ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ለጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሰሌዳው ዝቅ ባለ ቁጥር የሰውነት ክብደት ለመሬት ስለሚቀርብ መንገዳገዱ ይቀንሳል፤ ፍሬን ለመያዝ እግርን ማውረድም ይቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ገላችን እውነቱን መነጋገር ይገባል። ከአርባ ዓመት በኋላ ጡንቻ ይሳሳል፤ ሚዛንን የሚጠብቁት የእግርና የጆሮ ስሜቶች ይደክማሉ፤ በተለይ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ የሴቶች አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። በ2022 ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን ላይ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 የሆኑ 1,702 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ መቆም አልቻለም፤ እነዚህ ሰዎች፣ ዕድሜያቸውና ሕመማቸው ከግምት ገብቶ እንኳ፣ በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ84 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ሎንግቦርድ ዕድሜ ያስረዝማል አይልም። የሚያሳየው ሚዛን የጤና መስተዋት መሆኑን ነው። ሎንግቦርድ መግፋት ደግሞ በአንድ እግር መቆምን ደጋግሞ መለማመድ ነው፤ ያውም ደስ እያለ። የአጥንት መሳሳት ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሰሌዳ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የጭንቅላት ግጭት ቀላል ነገር አይደለም።

ልምምዱ የሚጀመረው ሣር ላይ ነው። ሣር ላይ ሰሌዳው አይሄድም፤ ስለዚህ ያለ ፍርሃት ወጣ ወረድ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የትኛው እግር ፊት እንደሚሆን ይለዩ። ግራው የሚቀድመው አለ፤ ቀኙ የሚቀድመው አለ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የፊት እግርዎ ከፊተኛው ትራክ ብሎኖች ጀርባ ጣቶቹ ወደፊት እንዳመለከቱ ይረፍ። ጉልበት አጠፍ ይበል፤ ዓይን ወደፊት ይይ። እግሩን የሚያይ ሰው ጭንቅላቱ ያዘነብላል፤ ጭንቅላት ካዘነበለ ገላ ይከተላል። ይህ ሲለመድ ወደ ሜዳማ አስፋልት ይዘዋወሩ።

አስፋልት ላይ አንድ ሁለቴ በቀስታ ከገፉ በኋላ ወዲያው ፍሬኑን ይማሩ። የእግር ፍሬን እንዲህ ነው። ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊተኛው እግር ያዛውራሉ። የቆመውን ጉልበት ይበልጥ ያጥፋሉ። ገፊው እግር ከሰሌዳው ጎን ይወርዳል፤ የጫማው ሶል በሙሉ በአንድ ጊዜ አስፋልቱን ዳሰስ ያደርጋል። ተረከዝ ከቀደመ እግሩ ይነጥራል፤ ጣት ከቀደመ ይደናቀፋል። መጀመሪያ የሚሰማው የሶሉ ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ክብደቱን በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምሩበት ሰሌዳው ይዘገያል፤ በመጨረሻም ይቆማል። በድንገት የተጫነ እግር ግን ሰውነትን ወደ ጎን ይጠመዝዛል። ይህ ልምምድ ሳይሰለቹ የሚደጋገም ነው። ሩጫ በሚመስል ፍጥነት እየሄዱ በፈለጉበት መስመር ላይ መቆም እስኪችሉ ድረስ ቁልቁለት አይሞከርም። ሕጉ አጭር ነው፦ መቆም በማይችሉበት ቁልቁለት አይውረዱ። ፍጥነት ጨምሮ ሰሌዳው መንቀጥቀጥ ከጀመረም ክብደትን ወደፊት ማድረግ ይገባል፤ ወደኋላ መሸሽ ነገሩን ያባብሳል።

መውደቅ አይቀርም። በስኬትቦርድ ዓለም ከሁሉ የሚታወቀው ቶኒ ሃውክ እንኳ በመጋቢት 2022፣ በ53 ዓመቱ የጭኑ አጥንት ተሰብሮበታል። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል፤ በጎልማሶች ዘንድ የእጅ አንጓ የሚሰበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጓንት መሰሉ የአንጓ መከላከያ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ከሁሉም በላይ ሄልሜት አይቀሩም። ለስኬትቦርድ የሚሆን ሄልሜት ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ1492 የሚል የደረጃ ምልክት አለው፤ ሲገዙ ውስጡን ያንብቡ። ሲወድቁ ዝቅ ብለው ይውደቁ፤ ከተቻለ በጉልበት መከላከያው ላይ ተንሸራትተው፣ ካልሆነም በትከሻና በዳሌ ተንከባልለው። ጫማ ጠፍጣፋ ሶል ያለው ይሁን። ዝናብ የነካው አስፋልት ለጀማሪ አይሆንም።

የት ይሂዱ? በቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ብዙ ሺህ አበሻ መልሱ ቅርብ ነው። ደብሊው ኤንድ ኦ ዲ የተባለው የአስፋልት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ከአርሊንግተን ተነሥቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየናና በሊስበርግ አልፎ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እስከ እ.ኤ.አ. 1968 ድረስ ባቡር ይሄድበት የነበረ ሐዲድ ነው፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ በአብዛኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። መጨረሻው የፖሊዩሪቴኑ ጎማ የተገኘባት ፐርሰልቪል ናት። መኪና መንገድ ሲያቋርጡ ግን ከሰሌዳው ወርደው በእግር ይሻገሩ። በዋሽንግተን ውስጥ የሮክ ክሪክ ፓርክ የላይኛው ቢች ድራይቭ ከመኪና ነፃ ስለሆነ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ “መንገድ ለሰው” የሚባል ዝግጅት አለ፤ በሚካሄድበት እሑድ የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለስኬት ይለቀቃሉ። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 “ኢትዮጵያ ስኬት” በተባለው የወጣቶች ቡድንና በበጎ ፈቃደኞች የተገነባ የስኬት ሜዳም አለ። ሜዳው ለዝላይ የተሠራ ነውና ለሎንግቦርድ ጉዞ አይመችም፤ ነገር ግን መሣሪያውን የሚያውቁ ልጆች የሚገኙት እዚያ ነው።

ለእኛ ሰው ትልቁ መሰናክል ጉልበት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። “በዚህ ዕድሜው” የምትለዋ ቃል ስንቱን ከዋና፣ ከብስክሌት፣ ከዳንስ አስቀርታለች። ስለ ዕድሜ የሚነገረውን ለመመዘን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በስኬትቦርድ የተሰለፉትን ማየት ይበቃል። ለብሪታንያ የተሰለፈው አንዲ ማክዶናልድ 51 ዓመቱ ነበር፤ ቻይናዊቷ ዠንግ ሃውሃው ደግሞ 11። በዚህ ስፖርት ታናሽ ታላቁን ማስተማሩ የተለመደ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ “ጋሼ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፤ እኔን ይዩ” ሲል ክብር ማጉደሉ አይደለም፤ የሚያውቀውን ማካፈሉ ነው። እሺ ብሎ መስማት ብቻ በቂ ነው።

ጎልማሳ በወጣት ዘንድ የማይገኝ አንድ ሀብት አለው፤ እሱም ትዕግሥት ነው። የሚያሸንፈው ተቀናቃኝ ስለሌለው ፍሬን ለመማር አንድ ወር ቢፈጅበት አይጎዳም። እንግዲህ መጀመር የፈለገ ሰው ሰሌዳ ሳይገዛ በፊት ተውሶ ይሞክር፤ ሲገዛም ገንዘቡን አስቀድሞ ለሄልሜትና ለአንጓ መከላከያ ያውጣ፤ የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ሣርና ሜዳማ አስፋልት ላይ ያሳልፍ። በፈለገበት ቦታ መቆም የቻለ ቀን መንገዱ ሁሉ ተከፍቶለታል።