«ስኮላርሺፕ ደርሶሃል» የሚለው ስልክ



አንድ ማታ ስልካችሁ ጮኸ እንበል። ቁጥሩን አታውቁትም። ስታነሱት ጥርት ባለ አማርኛ የሚናገር ሰው በሙሉ ስማችሁ ይጠራችኋል። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! የምደውልልህ ከዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ነው። ካናዳ ሄደው እንዲማሩ ከተመረጡት ስደተኞች አንዱ ሆነሃል። ፎርሙ ነገ ጠዋት ስለሚዘጋ ለማስመዝገቢያ ትንሽ ገንዘብ ዛሬውኑ ላክ። ነገሩ ምስጢር ስለሆነ ለማንም አትናገር» ይላችኋል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይነሣል። እናት ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን የጆሮ ወርቅ ታወጣለች፤ ወርቅ የሌላት ደግሞ ከራሽኑ ማሽላና ዘይት ሸጣ፣ የጎደለውን ከጎረቤት ትበደራለች። ገንዘቡ በሐዋላ ወይም በበንከክ ይሄዳል። በማግስቱ ሰውየው ሌላ ክፍያ ይጠይቃል፤ አሁን የሕክምና ምርመራ ነው፣ ቀጥሎ የቪዛ ይሆናል። ገንዘቡ ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል።

ይህን የምንጽፈው ሞኞች ናችሁ ብለን አይደለም። እንዲያውም አጭበርባሪው የሚፈልገው ትጉሁን ተማሪ ነው። መማር የማይፈልግ ልጅ በትምህርት ወሬ አይያዝምና።

ስለዚህ በመጀመሪያ እውነተኛው ስኮላርሺፕ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ይጠቅማል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዳፊ የሚባለው፣ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የተጀመረውና ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. የሚያካሂደው ፕሮግራም ከ1992 ጀምሮ አለ። የሚያስተምረው በተጠለሉበት አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ እንጂ አውሮፓ ወስዶ አይደለም። በካናዳ ተማሪዎች ስደተኛ ተማሪዎችን የሚቀበሉበት ፕሮግራም በ1978 የተጀመረ ሲሆን፣ የሚመለምለው ከጥቂት የተመረጡ አገሮች ብቻ ነው። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች በ2019 ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ ስደተኞች ተማሪዎችን በመቀበል የጀመሩት ፕሮግራም ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የጨረሱትን ይፈልጋል፤ ስምንተኛ ክፍል ላለ ልጅ «ጣሊያን ደርሶሃል» የሚል ሰው ውሸቱ ከዚህ ላይ ይታወቃል። በሁሉም ዘንድ አመልካቹ ራሱ ፎርም ይሞላል፣ የትምህርት ማስረጃ ያቀርባል፣ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ያላመለከተ ሰው አይመረጥም። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለቃለ መጠይቅም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር አንድም ጊኒ አያስከፍልም።

«ታዲያ ስሜን ከየት አገኘው?» ትሉ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው እኛው ነን። በፌስቡክና በቴሌግራም «ስደተኞችን ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ሰው ከሥሩ ስሙን፣ የካምፑን ስም፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ አንዳንዴም የራሽን ካርዱን ቁጥር ከነፎቶው ይጽፋል። አጭበርባሪው ቁጭ ብሎ ይህንን ይለቅማል። ኡም ራኩባ ወይም ቱናይድባ መሆናችሁን ከዚያ አንብቦ ሲነግራችሁ «ይህንንማ ቢሮው ካልነገረው አያውቅም» ትላላችሁ። በስልካችሁ ላይ «ዩ.ኤን.» የሚል ስም ቢወጣም አትመኑ። ትሩኮለር የሚያሳየው ስም ሰዎች ራሳቸው ያስገቡት ስለሆነ፣ ማንም የፈለገውን ስም ለቁጥሩ ሊያወጣ ይችላል።

ገንዘብ የማይጠይቀውም ሌባ አለ። «በሜሴጅ የሚደርስህን ስድስት ቁጥር ንገረኝ፣ የፋይልህ ቁጥር ነው» ይላል። ያ ቁጥር የዋትሳፕ ቁልፍ ነው። የነገራችሁት እንደሆነ ዋትሳፓችሁ በእርሱ ስልክ ላይ ይከፈታል። ከዚያም በእናንተ ስም ካርቱም ላለችው አክስታችሁ፣ ጅዳ ላለው ወንድማችሁ «ታምሜአለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ በዚህ አገር ረሲድ የምንለውን የስልክ ሂሳብ ብቻ ይለምናል፤ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይከራከርም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ና፣ ገዳሪፍ ገበያ እንገናኝ፣ መኪና ተዘጋጅቷል» የሚለው ነው። በዚህ ድንበር ላይ ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከከሰላና ከሻገራብ አካባቢ ብዙ ኤርትራውያን ስደተኞች ተጠልፈው እስከ ሲና በረሃ ተወስደዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም የልጆቻቸውን ጩኸት በስልክ እየሰሙ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተገደዋል። ብቻችሁን ወደማታውቁት ሰው አትሂዱ። ወንዶችም ሴቶችም።

ይህ ማታለል የእኛ ድህነት ብቻ ያመጣው አይደለም። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመማር የተበደሩ ሰዎች ከዕዳቸው እስከ 10,000 ዶላር፣ ለአንዳንዶቹም እስከ 20,000 ዶላር እንደሚሰረዝላቸው ባስታወቀ ጊዜ፣ አጭበርባሪዎች እየደወሉ «ዕዳህን እናሰርዝልሃለን፣ ክፈል» ይሉ ጀመር። እውነተኛው ፎርም ግን በነፃ የሚሞላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱን በ2023 ከሻረው በኋላም ደዋዮቹ አላቆሙም። በአገራችንም ከ2003 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል፤ አንድ ቀን እናንተንም «የወጪ መጋራትህን አሰርዝልሃለሁ» የሚል ሰው ይደውል ይሆናል። ማጥመጃው እንደየአገሩ ይለያያል፤ መጣደፉና «ለማንም አትናገር» ማለቱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው ማን እንደሆነም እንዲህ በቀላሉ አይታወቅም። በፌብሩዋሪ 2025 በምያንማር በስልክና በኮምፒዩተር ሰው እንዲያጭበረብሩ ተይዘው ከነበሩት ሰዎች 260ው ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ በጥሩ ሥራ ተስፋ ተታለው የሄዱ ናቸው።

«ደዋዩ የምር የቢሮው ሠራተኛ ቢሆንስ?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ሠራተኞች ጭምር ያሉበት ቡድን ስደተኞችን ወደ ውጭ ለመላክ ጉቦ ሲቀበል በ2001 በተባበሩት መንግሥታት ምርመራ ተጋልጧል። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሠራተኛ መታወቂያ አንገቱ ላይ ቢኖርም ወንጀለኛ ነው፤ በጄኔቫ ላለው የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ይከሰሳል። የተዘጋ በርንም ማንም በጉቦ አይከፍተውም። አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላዋን ስታቋርጥ የበረራ ቀን ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች እንኳ ቀርተዋል።

እንግዲህ ሲደወልላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? «ነገ ቢሮ መጥቼ እጠይቃለሁ» በሉትና ዝጉት። እውነተኛ ከሆነ ምንም አይከፋውም። የሰጣችሁን ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ፤ በእግራችሁ ወደ ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ወይም ወደ ኮር ቢሮ ሂዱ። መስመር በጠፋበት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 2024 የሱዳን የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎት ሲቋረጥ እንደሆነው፣ ሰው ስልክ ሲመለስለት የመጣውን ሁሉ በጉጉት ያነሣል፤ ያን ጊዜ በተለይ ተጠንቀቁ።

ገንዘቡን አስቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነ ሌላ ክፍያ አትጨምሩ፤ የላከላችሁን ሐዋላ ወይም ባንኩን ወዲያው ጠይቁ፣ ገንዘቡ ገና አልወጣ እንደሆነ ሊያዝ ይችላል። ዋትሳፕ ከተወሰደባችሁ በዚያው በራሳችሁ ቁጥር እንደገና አስገቡት፤ አዲስ ኮድ ሲደርሳችሁና ስትሞሉት ሌባው ይወጣል። ሌባው የራሱን የምስጢር ቁጥር ጨምሮበት ከሆነ ሰባት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ዘመዶቻችሁን በድምፅ እየደወላችሁ አስጠንቅቁ። የደወለውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ሜሴጁንም አታጥፉ።

ደግሞ እናታችሁን ወይም አባታችሁን አትደብቁ። ብዙ ልጆች ስድቡን ፈርተው ዝም ይላሉ፤ በዚህ መካከል ያው ሰው ለጎረቤት ልጅ ይደውላል። ለቤተሰብ መናገር የከበዳችሁ መጀመሪያ ለክፍል መምህራችሁ ንገሩ፤ መምህሩ አብሯችሁ ቤት ይመጣል።