ቋንጣ፦ የዘማች ስንቅ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ አስነግረው የሸዋ ሠራዊት በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ወረ ኢሉ ላይ እንዲጠብቃቸው ባዘዙበት ዘመን፣ ከበሶውና ከድርቆሹ ጋራ በዘማች ስልቻ የሚቋጠረው ቋንጣ ሥጋን ከሙስና የማዳን ጥንታዊ ጥበብ ነበረ፤ ሙስና ማለቴም በቀድሞው ፍቺው፣ መበስበስን ነው።

ምሥጢሩ ውሃ ነው፤ ከትኩስ ቀይ ሥጋ ከመቶው 70 እጅ በላይ ውሃ ስለ ሆነ፣ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚራቡበት ይህ ርጥበት በጨው ተስቦ በነፋስ ካልጠፋ በቀር ሥጋው በቆላ ውሎ አያድርም።

ባለሙያዋ ጮማውን ለይታ (ስብ ቶሎ ይከረፋልና) ቀዩን እንደ ገመድ አቅጥና ትዘለዝለዋለች፤ ጨውና በርበሬ አሽታም ነፋስ በሚያገኘው ጠፍር ላይ ትሰቅለዋለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው፣ ጉም በሚያዘወትራት ደሴ የሚዘገየው ቋንጣ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ባለችው በሞቃቷ ኮምቦልቻ ፈጥኖ ይደርሳል። የደረሰው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ልቡ ከለሰለሰ ገና ነው። ጨው ያጣ መንገደኛ በዝግታ በሚጤስ እሳት ላይ ያደርቀዋል።

ነገር ግን መድረቅ መንጻት አይደለም፤ የኮሶ ትል ዕጭ በውስጡ ሊተርፍ ይችላልና በሚገባ መቀቀል ያሻዋል። ከብትን የሚገድለው የአባ ሰንጋ በሽታ ዘር ደግሞ ጨውንም ፀሐይንም ተራ ማፍላትንም ሊቋቋም ስለሚችል፣ አንባቢ ሆይ፣ በበረሓ ረኀብ ቢጠናብህ እንኳ ሞቶ ያገኘኸውን ከብት አትረደው፣ አትግፈፈው፣ አትብላው።