ምዕራፍ አራት፦ የጎረቤት እርሾ

«ለጋሽ ይሰጣል፣ ተረጂ ይቀበላል፣ ሕይወት ይለወጣል።» ይህን አባባል ሥልጠና ላይ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ለመብታቸው የተደራጁ ሴቶች ከሩቅ የሚያገኙት ትንሽ ገንዘብ እንደ ጎረቤት እርሾ ነው። ዱቄቱም ቡሖውም የባለቤቷ ነው። እርሾ የሰጠችው ጎረቤትም በማግስቱ መጥታ «ስንት እንጀራ ወጣልሽ?» ብላ ቅጽ አታስሞላም።

ማማ ካሽ የሚባለውን የሴቶች ፈንድ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1983 አምስት ሴቶች አምስተርዳም ውስጥ መሠረቱት። ከአምስቱ አንዷ ማርያን ሳክስ ከወረሰችው ሀብት 2.5 ሚሊዮን ጊልደር ለ10 ዓመት አበደረች። አበደረች ነው ያልኩት፣ አልሰጠችም። ዋናው ሳይነካ ወለዱ ለሴቶች ቡድኖች ተከፋፈለ። ከየቡሖው ለሚቀጥለው የሚቀመጥ እርሾ ማለት ይኼ ነው!

ከአራት ዓመት በኋላ ፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አን ፈርዝ መሪ ከባልደረቦቿ ጋር ግሎባል ፈንድ ፎር ውመንን አቋቋመች። ማመልከቻ በማንኛውም ቋንቋ፣ በእጅ የተጻፈም ቢሆን ይቀበሉ ነበር። ቀላል ነገር ይመስላል። እንግሊዝኛ የሚያሳምርላት ጸሐፊ የሌላትን የማኅበር ሰብሳቢ ጠይቋት።

እስካሁን ያልነውን እንሰብስብ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ብቻ አውጡት ተብሎ አይታሰርም፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አንድ ለጋሽ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ነበርኩ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያሉ የማኅበር ሴቶች የተደፈረች ልጅን በጋሪ እየጫኑ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ያመላልሷት ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰኝ አምጡ አለ። የጋሪ ደረሰኝ! ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሦስተኛው «ሥልጠና በሚለው መደብ አስገቡት» የሚል መልስ መጣ። ልጅቷን ፍርድ ቤት ያደረሰው ፈረስ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሆኖ ተመዘገበ። ያልታሰረ ገንዘብ ይበላል የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ የሚበላበት ጊዜ አለ። ደረሰኙ አንድ ሳይጎድል የተበላም አይቻለሁ።

ወደ ቡሖው እንመለስ። አብሲት ከራሱ ከሊጡ ተቀንሶ፣ በስሎ ተመልሶ ይገባል። የኔፓሏ ቴዋ ለእኔ አብሲት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሪታ ታፓ ስትመሠርታት ስሟን ከኔፓሊ ቃል ወሰደችላት፤ ድጋፍ ማለት ነው። በጎ ፈቃደኞቿ ከተራው ኔፓላዊ ትንንሽ መዋጮ እየሰበሰቡ የገጠር ሴቶችን ቡድኖች ይደግፋሉ። የአገሬው ሰው ያዋጣበትን ነገር «የፈረንጅ ሴራ ነው» ብሎ ማጣጣል ይከብዳል። (ምጣዱ ማን ነው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ አንዲት ጓደኛዬ ጠይቃኝ ምሳሌው እዚያው አርሮብኛል።)

የእኛዋ የሴቶች መብት ተሟጋች ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባታ ላይ ከእህታቸው ጋር ሥራ ሲጀምሩ ሕዝቡ ያስቀደመው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሽማግሌዎችና ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው የመከሩት ከዚያ በኋላ ነው። ድልድይ በሴቶች መብት በጀት ውስጥ በየትኛው መደብ ይገባል? የእኔ ዋና መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ሥልጠና ይለው ነበር።