አመድ፣ ዲዲቲና የነቀዝ ክኒን

ከኤረር፣ ከሶፊና ከድሬ ጥያራ ማሽላቸውን ወደ ሐረር ለሚያመጡ ገበሬዎች፣ እንዲሁም በጀጎል ውስጥ እህል በቤታቸው ለሚያኖሩ ሁሉ ነቀዝ የታወቀ ጠላት ነው። እርሱን ለማጥፋት የሚነሰነሰው ዱቄት ግን ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ነቀዙን ብቻ ይገድላል፤ ሌላው ቤተሰቡንም ይጎዳል።

አመድ በመርዝነቱ አይደለም የሚሠራው። የነቀዝ ገላ ውኃው እንዳይተን በቀጭን ሰም የተሸፈነ ነው፤ ደቃቁ አመድ ይህን ሰም ይፍቀዋል፣ ነቀዙም ደርቆ ይሞታል። ደግሞም አመዱ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዝ እንደ ልቡ ተዘዋውሮ ሊራባ አይችልም። ነገር ግን እፍኝ አመድ ከላይ በትኖ መተው ከንቱ ድካም ነው። ለ1 ኩንታል እህል ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚሆን፣ የደረቀና በወንፊት የተነፋ የእንጨት አመድ ያስፈልጋል። ብዙ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ እህሉ ሲበጠር ግን ይወጣል። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ አይሆንም።

እናት ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ትሉም እዚያው ስለሚያድግ አመዱ አይደርስበትም። ስለዚህ ማሽላው ተወቅቶ በፀሐይ በሚገባ እንደ ደረቀ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀላቅሉት። በእርጥብ ጉድጓድ አመድ ኃይሉን ያጣል፤ የጉድጓድን እህል የሚጠብቀው አየር እንዳይገባ አጥብቆ መድፈን ነው።

ዲዲቲ ለወባ ትንኝ በቤት ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረ መድኃኒት ነው እንጂ የእህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ስምምነት ለእርሻ እንዳይውል ከልክሎታል። በሰው ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ በጡት ወተትም ወደ ሕፃን ይሻገራል። በአገራችን ጫት ላይ እንኳ በምርመራ ተገኝቷል፤ ጫት ደግሞ ሳይበስል የሚቃም ነው። በሸዋ በር ገበያም ሆነ በሌላ ስፍራ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ ቢቀርብላችሁ፣ ሻጩ ዘመድ ቢሆንም አትግዙ። ማላታዮንም ቢሆን ለተከማቸ እህል መሆኑና መጠኑ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበት ካልሆነ አይነካ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ክኒኑ ነው። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ በጓዳም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይደረግ። የጀጎል ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ ጋዙ ጎረቤትንም ሊያገኝ ይችላል። ማርከሻም የለውም። ክኒን ባለበት ቤት ያደረ ሰው ቢያስታውክ፣ ራሱን ቢያመው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ፤ በሽተኛውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ክኒኑ የነበረበትም ዕቃ ለሐኪሙ ይታይ።