ፈረሱ ሲሞት ለልጁ እውነቱን እንንገረው

ስለ ማሳ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ስለ አንድ ልጅና ስለ ሞተበት ፈረስ ላጫውታችሁ። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር ያልኩት። ተሳስቼ ነበር።

ፊደል ላስተምር በሄድኩበት በአገው ምድር ደጋ፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ በአንድ ገበሬ ቤት አረፍኩ። የቤቱ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። ዳማ ብለው የሚጠሩት ፈረስ ነበራቸው። ለአባትየው ፈረሱ ገበያ መሄጃቸውና ገብስ መጫኛቸው ነው። ለልጁ ግን ጓደኛው ነበር። ጠዋት ውሃ የሚያወርደው እሱ፤ ማታ ጋጣ የሚያስገባው እሱ፤ ጋማውን የሚያበጥረው እሱ። ቆሎ ሲሰጡት ግማሹን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለዳማ ይወስድለታል።

በጥቅምት ወር ዳማ ታመመ። ትኩሳት ያዘው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አበጠ። ትንፋሽ አጠረው፤ በአፍንጫው አረፋ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ሞተ። ልጁ ተኝቶ ነበር። ሳይነጋ ጎረቤት ተጠርቶ ፈረሱ ተጎትቶ ገደል ተጣለ።

የዋሸነው ውሸት

ልጁ ሲነሳ ጋጣው ባዶ ነው። «ዳማ የት ሄደ?» አለ። አባቱ «ዳንግላ ለአጎትህ ልኬዋለሁ፤ ሲሻለው ይመጣል» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «እውነት ነው ጋሼ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ክፋት አስበን አይደለም። ልጅ ነው፤ ይረሳዋል ብለን ነው።

አልረሳም። በየማታው ቆሎውን ቋጥሮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። በሳምንቱ በግ የሚጠብቁ ልጆች «ፈረስህንማ ጅብ በላው» አሉት። ሮጦ ወደ ገደሉ ወረደ። አጥንቱንና ጋማውን አየ። የዳማን ጋማ እሱ እንዴት ሊስተው ይችላል?

ከዚያ በኋላ ምግብ አስጠላው። ሌሊት እየባነነ ይነሳል። ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። አንድ ቀን ፊደል ሳሳየው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይኼስ እውነት ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ልጁ ያጣው ፈረሱን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛንም አጥቶናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለም? ጠራብን።

አባትየው ያደረጉት

ማታ አባትየውን «ጋሼ፣ ያጠፋነው እኛ ነን፤ እውነቱን እንንገረው» አልኳቸው። «ወንድ ልጅ ለከብት ያለቅሳል እንዴ?» አሉኝ። እናትየው ከምድጃው አጠገብ ሆነው «እርስዎስ ያን ሌሊት ከጋጣው ሲወጡ ዓይንዎ ምን ሆኖ ነበር?» አሏቸው። አባትየው ዝም አሉ።

በማግስቱ ልጁን ይዘው ወደ ገደሉ ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፣ ዳማ ሞቷል። በሽታ ነው የገደለው። ከእንግዲህ አይመለስም። ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ልጁ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ውሃ አዘግይቼበት ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። ለካስ ሳምንቱን ሙሉ ይኼን በሆዱ ይዞ ነበር የሚዞረው! አባትየው «አይደለም ልጄ። አንተ ደህና አድርገህ ነው የያዝከው» ሲሉት ጮኾ አለቀሰ። እሳቸውም ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የተረፈውን አጥንት አፈር አለበስነው። ልጁ ከጋማው ጥቂት ፀጉር ጎንጉኖ ከልጓሙ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ያን ማታ እራቱን በላ።

ለፈረስ ማዘን ነውር አይደለም

በአገራችን ፈረስ ስሙ ከሰው ስም ጋር የሚጠራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ፈረስ ከአርበኛው ጋር ዘምቷል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በጥር 23 የሚያከብረው ይኼንኑ ውለታ እያሰበ ነው። ታላላቆቻችን በፈረስ ስም ከተጠሩ፣ ልጅ ለፈረሱ ቢያለቅስ ምን ያስነውራል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. «ሞቷል» ብለን በግልጽ እንንገረው። «ተኝቷል» ወይም «ሄዷል» አንበል። ልጅ ቃሉን እንዳለ ነው የሚይዘው። ተኝቷል ከተባለ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ትንንሾቹ ደግሞ የሞተ የሚመለስ ይመስላቸዋል። ደጋግመው ቢጠይቁ ደጋግመን እንመልስላቸው።

2. ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን እንንገረው። ባይጠይቀንም እንንገረው።

3. ያልቅስ። አንዴ ሲጫወት፣ አንዴ ሲያለቅስ ብታዩት አትደነቁ። የልጅ ሐዘን እንዲህ ነው። እኛም ሐዘናችንን ብናሳየው አይጎዳውም።

4. ስንብት ይኑረው። አፈር ማልበስ፣ ጋማ ማስቀመጥ፣ ስለ ፈረሱ ማውራት ሐዘኑን ያቀልለታል።

5. ሥራውና ትምህርቱ እንደ ወትሮው ይቀጥል። የለመደው ነገር ልቡን ያረጋጋለታል።

6. በማግስቱ ሌላ ፈረስ አምጥተን «ይኸው ተተካልህ» አንበል። ጎረቤታችን ውርንጭላ ቢያሳዩት ልጁ ዞር ብሎም አላየው። ጊዜ ይሰጠው።

7. ለሳምንታት ካልበላ፣ ካልተኛ ወይም ከሰው ከራቀ ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው።

የቀሩትን ፈረሶች እንጠብቅ

ዳማ ላይ የታዩት ምልክቶች የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ምልክቶች ናቸው። ይኼ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። የምታስተላልፈው በጣም ትንሽ ትንኝ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ትበዛለች፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ስለዚህ ፈረሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ እናስገባ፤ ውሃ ከተኛበት ረግረግ እናርቀው። መከላከያ ክትባትም አለ። እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይሠራል። ገበሬዎች በማኅበር ሆነው የቀበሌውን የእንስሳት ሐኪም አስቀድመው ይጠይቁ። ለልጁም አብሮ መሥራት ይጠቅመዋል። የጎረቤት ፈረሶች ሲከተቡ ልጓም ይዞ የቆመው የእኛው ልጅ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ማታ ሰሌዳው ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ ዳ የትኛዋ ናት?» አለኝ። አሳየሁት። ማ-ንም አሳየሁት። ጠመኔውን ተቀብሎ «ዳማ» ብሎ ጻፈ። ከራሱ ስም ቀጥሎ የጻፈው ቃል ይኼ ነው። አባቱ ከበስተኋላ ቆመው ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት። «እውነት ነው፤ ዳማ ይላል» አሉ።

ልጁ ዞሮ አያቸው። አመናቸው።